ምርመራው ነጻ ሲል፣ ሆድ ግን ሲታመም

ዛሬ እዚህ ማክሰኝት የምንነጋገርበት ሕመም በአደባባይ ስሙ የማይነሣ ነው። ሆዱ ስለሚነፋው፣ ስለሚቆርጠው፣ አንድ ሳምንት ተቅማጥ ይዞት በሚቀጥለው ድርቀት ስለሚያሠቃየው ሰው ነው የምናገረው። እንዲህ ያለው ወሬ ነውር የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ አልቀየመውም። ግን ነውሩን ፈርተን ዝም ባልን ቁጥር ሕመምተኛው ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረ ሕመምተኛ ደግሞ ገንዘቡንም ጊዜውንም ለማይረዳው ነገር ይጨርሳል።

እስቲ አንዲት ሴት እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ ከእናንተ ብዙዎቹ እኅታቸውን ወይም ራሳቸውን ያዩባታል። ሆዷን ማመም ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። እህል በቀመሰች ቁጥር ከእንብርቷ ሥር ይቆርጣታል፤ ይነፋታል፤ መቀነቷን ካላላላች መቀመጥ አትችልም። ሰገራ ስትወጣ ቀለል ይላታል፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ሰገራዋ ታይቶ «አሜባ» ተባለ፤ ሜትሮኒዳዞል ዋጠች። ጥቂት ቆይቶ «ጃርዲያ» ተባለ፤ ቲኒዳዞል ዋጠች። ቀጥሎ «የጨጓራ ባክቴሪያ ነው» ተባለና ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ወሰደች። ኮሶ ጠጣች፤ ጤና አዳም በቡና፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ሞከረች። በመጨረሻ ጎንደር ሄዳ አልትራሳውንድ ተነሣች፤ በአፏ ቱቦ ገብቶ ጨጓራዋ ታየ። «ምንም የለብሽም፣ ነጻ ነሽ» አሏት።

የነገራት ሐኪም ሊያጽናናት ፈልጎ ነው፤ እሷ የሰማችው ግን «አልታመምሽም» የሚል ነው። ቤት ስትመለስ ገሚሱ «ቡዳ ነው»፣ ገሚሱ «መተት ነው»፣ ገሚሱም «ሥራ ጠልታ ነው» ይላል። ወደ ጎንደር በሚኒባስ መሄድ ካለባት ከዋዜማው ጀምሮ እህል አትቀምስም፤ አዘዞ ሳልደርስ ቢይዘኝስ ብላ ትፈራለች። ለቅሶ ቤት ስትገባ የምትቀመጠው በር አጠገብ ነው። ሠርግ ቤት ትቀርና ሰው ይቀየማታል።

እዚህ የቆምኩት ይህች ሴት በእርግጥ ታማለች ለማለት ነው። ሕመሟ በአልትራሳውንድ ያልታየው አንጀቷ ስላልቆሰለና ዕጢ ስለሌለበት ነው። የታወከው አንጀቷና አንጎሏ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ለዚህ ደግሞ ክኒንም መርፌም የማይፈልግ፣ አርባ ዓመት ያህል የተፈተነ ሕክምና አለ፤ ሂፕኖቴራፒ ይባላል። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ሕመሙን ራሱን ጠጋ ብለን እንየው።

ሐኪሞች ይህን ሕመም በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል አይ ቢ ኤስ ይሉታል፤ እኔ ዛሬ የአንጀት መቆጣት እለዋለሁ። የሚታወቀው በደም ወይም በፎቶ ምርመራ ሳይሆን በታሪኩ ነው። የሮም መስፈርት የሚባለው፣ አራተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው መለኪያ (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የሆድ ሕመሙ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን ይኑር ይላል። ከሰገራ መውጣት ጋር ይያያዝ፤ ወይም ሰገራው የሚወጣበት ጊዜ ብዛት ወይም መልኩ ይለወጥ፤ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ይገኙ ይላል። ሕመሙ ከጀመረም ቢያንስ 6 ወር ይሙላው። በዚህ ጥብቅ መለኪያ በ33 አገሮች ላይ የተሠራና በ2021 የወጣ ጥናት በኢንተርኔት ከተጠየቁት 100 አዋቂዎች 4ቱ ያህል ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል።

አሁን ወደ አንጀቱ እንግባ። አንጀታችን የራሱ ነርቭ አለው፤ ከጉሮሮ በታች እስከ ፊንጢጣ ድረስ ባለው ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት ተዘርግተዋል። ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ትልቁ ነርቭ ቬገስ ይባላል፤ በውስጡ ካሉት ክሮች አብዛኞቹ ወሬ የሚያደርሱት ከሆድ ወደ አንጎል ነው። ስሜትን ከመቆጣጠር ጋር ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ሰሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገርም ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው በሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለፈተና የተጠራ ተማሪ ወደ መጸዳጃ ቤት ቢመላለስ፣ መርዶ የሰማ ሰው ሆዱ ቢላወስ የሚገርም አይደለም። ሁለቱ ቀን ከሌት ይነጋገራሉ።

ጥሩ የቤት ውሻ ለጅብ ይጮሃል፤ ለጎረቤት ዝም ይላል። የተቆጣ አንጀት ግን ለጅቡም ለጎረቤቱም እኩል እንደሚጮኽ ውሻ ነው። ትንሽ ጋዝ ሲያልፍ፣ ምግብ ሲወርድ፣ ጤነኛ ሰው ልብ የማይለውን ሁሉ እንደ አደጋ ቆጥሮ ወደ አንጎል ያስተላልፋል። አንጎልም ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ተመልሶ አንጀቱን ያኮማትረዋል፤ የተኮማተረው አንጀት እንደገና ይጮሃል። ይህ የተገመተ ብቻ አይደለም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች ትንሽ ፊኛ ወደ ታችኛው አንጀት አስገብተው ቀስ እያሉ በአየር በመንፋት ለክተውታል። የአንጀት መቆጣት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሌላው ሰው ገና ምንም በማይሰማው መጠን ላይ «አመመኝ» ይላሉ። ይህን ስታውቁ «ታካብዳለች» የሚለው ወሬ ምን ያህል ግፍ እንደሆነ ይገባችኋል።

ቁጣው ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ለእኛ አገር በጣም ቅርብ ነው፤ የተበከለ ውኃና ምግብ። በካናዳ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. የቧንቧው ውኃ ከከብት እበት በመጣ ጀርም ተበከለ፤ ከ2,000 በላይ ሰው ታመመ፤ 7 ሰዎች ሞቱ። ተመራማሪዎች ከተማዋን ለዓመታት ተከታተሏት። ያኔ ክፉ ተቅማጥ ከያዛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ከ2 እና 3 ዓመት በኋላ የአንጀት መቆጣት ነበረባቸው፤ ከ8 ዓመት በኋላም 15 በመቶ ያህሉ አልለቀቃቸውም ነበር። ጀርሙ ከሄደ ቆይቷል፤ ነርቮቹ ግን አልረሱትም። እዚህ ምንጭና ወንዝ የሚጠጣ፣ ልጅነቱን በተቅማጥ ያሳለፈ ስንት ሰው እንዳለ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ጉዳቱን የሚያብሰው ደግሞ «አሜባ» የሚለው ፍርድ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት አሜባዎች አሉ፤ አንዱ አንጀት ያቆስላል፣ ሌላው ምንም የማያደርግ እንግዳ ነው። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ማይክሮስኮፕ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያሳስት ጽፈዋል። ስለዚህ ላብራቶሪው ባየው ነገር አልዋሸም፤ ያየው ነገር ግን የሕመሙ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ደጋግሞ የሚዋጠው መድኃኒት ደግሞ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ተሕዋስያን እያናጋ ይሄዳል። ላብራቶሪና ጤና ጣቢያ አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ሦስተኛውና አራተኛው ዙር መድኃኒት ካልሠራ «ጥያቄው ራሱ ትክክል ነው ወይ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አሁን የምለውን በጥንቃቄ ስሙኝ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ መሳሳት ሕይወት ያሳጣል። ሆዱን ያመመው ሁሉ የአንጀት መቆጣት የለበትም። ሰገራው ደም ካለበት፣ ክብደቱ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለው፣ ደም ማነስ ከታየበት፣ ተቅማጡ ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው፣ ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው ዕድሜው 50 ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ከቤተ ሰቡ የአንጀት ካንሰር የነበረበት ካለ፣ ያ ሰው መጀመሪያ በደንብ መመርመር አለበት። የሆድ ቲቢ አለ። በጣና ዙሪያ ውኃ ውስጥ ገብቶ ለሚሠራና ለሚዋኝ ሰው ቢልሃርዚያ አለ። መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት ካለውና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ካላ አዛር ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2005 እዚሁ ከእኛ ብዙ በማይርቀው ሊቦ ከምከም ገብቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። እነዚህን በሽታዎች ማንም በቃል አያድናቸውም። ሂፕኖቴራፒ የሚመጣው እነዚህ ከተጣሩ በኋላ ብቻ ነው።

ተጣርቶ የአንጀት መቆጣት ነው ከተባለ መጀመሪያ የሚነሣው ምግብ ነው። በአውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የታወቀ የአመጋገብ ስልት አለ፤ ለብዙ ሰው ይሠራል። በአንጀት ውስጥ ሳይፈጩ ቀርተው ጋዝ የሚፈጥሩ ስኳሮችን ይቀንሳል። የእነዚህ ስኳሮች ዋና መገኛ የሆኑትን ምግቦች ብነግራችሁ ግን ትደነግጣላችሁ፤ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ። የጎንደር ዙሪያ ገበሬ ክረምቱ ሲወጣ በዋልካው እርጥበት ላይ የሚዘራው ሽምብራ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በየረቡዕና በየዓርቡ ማዕዳችን ላይ የሚቀርበው ሽሮ ነው፤ ሽሮው ያለ ሽንኩርትና ያለ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ሽሮ አይባልም። ለአንዲት ጿሚ እናት «ሽሮ ተይ፣ ምስር ተይ» ብሎ ማሰናበት «ጾመሽ አትብዪ» እንደማለት ይሆንብኛል። ሽምብራውን ነክሮ አሳድሮ ውኃውን መድፋት፣ መጠኑን መቀነስ፣ ጠጅና አረቄ መተው ይረዳል፤ እሱን ልመክር እችላለሁ። ከማዕዷ ግን ላፈናቅላት አልፈልግም።

የሞናሽ ተመራማሪዎችም ሲሞን ፒተርስ በምትባል ባለሙያ መሪነት በ2016 አንድ ጥሩ ሙከራ አወጡ። 74 ሕመምተኞችን በዕጣ ከፋፍለው አንዱን ወገን በአመጋገቡ፣ ሌላውን በሂፕኖቴራፒ፣ ሦስተኛውን በሁለቱም አከሟቸው። ከ6 ሳምንት በኋላ በሦስቱም ወገን ከ10 ሰዎች 7ቱ ያህል ተሽሏቸው ነበር። ከሽሮ ጋር ሳይጣሉ ሽሮ የተወ ሰው ያገኘውን ያህል እፎይታ ማግኘት እንደሚቻል ከዚህ በላይ የሚነግረኝ ጥናት አላውቅም። ወደ ሂፕኖቴራፒ የሳበኝም ይህ ነው።

ይህ ሕክምና ያደገው በእንግሊዝ፣ ማንችስተር ከተማ ነው። ሂፕኖሲስን (ሂፕኖቴራፒ የሚጠቀምበትን ተመስጦ) ከአስማት ነጥቆ ወደ ሕክምና ያስገባው ጄምስ ብሬድ የሚባል ቀዶ ሐኪም በ1840ዎቹ በዚያችው ከተማ ይሠራ ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ፒተር ዎርዌል የሚባል የአንጀት ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር መድኃኒት ሁሉ እምቢ ያላቸውን 30 ሕመምተኞች ሰበሰበ። ገሚሱ 7 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሂፕኖቴራፒ አገኙ፤ ገሚሱ ያንኑ ያህል ጊዜ በንግግር ሕክምናና መድኃኒት በሌለበት ክኒን ተረዱ። ውጤቱ በ1984 ላንሴት በተባለው መጽሔት ወጣ። በንግግርና በክኒን የታከሙት ትንሽ ተሻላቸው፤ የሰገራቸው ሁኔታ ግን አልተስተካከለም። በሂፕኖቴራፒ የታከሙት በሁሉም መልክ በግልጽ ተሻሉ። ዎርዌል ከዚያ በኋላ በደቡብ ማንችስተር ለዚህ ብቻ የቆመ ክፍል ከፈተ።

«ታዲያ በክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ።

ሕመምተኛዋ ምቹ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጫማዋን ልታወልቅ፣ ጋቢዋን ልትደርብ ትችላለች። ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን አንጀት እንዴት እንደሚሠራ በሥዕል ያሳያታል፤ ወዴት እንደሚሄዱ ሳታውቅ ዓይኗን አያስጨፍናትም። ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች። ድምፁ ዝቅ ያለና ያልቸኮለ ነው። እስትንፋሷን እንድትከታተል፣ ከግንባሯ ጀምሮ መንጋጋዋን፣ ትከሻዋን፣ እጆቿን፣ እስከ እግር ጣቷ ድረስ እንድታላላ ይነግራታል። አንድ፣ ሁለት እያለ እየቆጠረ ሐሳቧን ከውጭው ጫጫታ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። እንቅልፍ አይወስዳትም፤ የውጭውን መኪና ትሰማለች፣ ግን አያስጨንቃትም።

ወደ ተመስጦው ከገባች በኋላ እጇን ሆዷ ላይ እንድታደርግ ይጠይቃታል። ከመዳፏ ሙቀት ሲወጣ፣ ሙቀቱ በልብሷ አልፎ በቆዳዋ ሲሰርግ፣ የተኮማተረው ሲፍታታ እንዲሰማት በቃላት ይመራታል። በብዙ ሰው ላይ ሙቀቱ በእውነት ይሰማል። ቀጥሎ ወንዝ ይመጣል። የማንችስተር ባለሙያዎች አንጀትን በወንዝ ያስመስሉታል፤ ተቅማጥ ያለበት ሰው የሚያጓራ ጎርፍ ቀስ እያለ ሲረጋጋ ያያል፣ ድርቀት ያለበት ደግሞ በድንጋይና በቅጠል የታገደ ውኃ ሲከፈትለት ያያል። ለማክሰኝት ሰው ይህን ከውጭ መዋስ አያስፈልግም። ነሐሴ ላይ አፈር ተሸክሞ እየደፈረሰ የሚወርደውን የጉማራን ወንዝ፣ ያው ወንዝ በኅዳር ጠጠሩ እስኪታይ ጠርቶ ሲሄድ የማያውቅ ማን አለ? «ውኃው በእርስዎ ልክ ይሄዳል፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም» ይባላል፤ በየሳምንቱ፣ ደጋግሞ። በመጨረሻም ባለሙያው ወደ ኋላ እየቆጠረ ይመልሳታል፤ ዓይኗን ትከፍታለች፤ ውኃ ጠጥታ ትሄዳለች። ቤት ውስጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያህል በስልክ የተቀዳውን ድምፅ እያዳመጠች ትለማመዳለች። የቤቱ ልምምድ በክፍሉ ውስጥ ከሚሠራው አይተናነስም።

ቃል እንዴት አንጀት ያረጋጋል? ዎርዌልና ባልደረቦቹ በ1992 ይህንኑ ለኩት። 18 ሕመምተኞች በሂፕኖሲስ ውስጥ ሳሉ የትልቁ አንጀታቸው እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተመዘገበ። ሂፕኖሲሱ ብቻውን እንቅስቃሴውን ቀነሰው፤ ቁጣ እንዲሰማቸው ሲደረግ እንቅስቃሴው ጨመረ፤ ደስታ ሲሰማቸው ግን እንደረጋ ቆየ። ስዊድናውያን ተመራማሪዎችም ሕክምናውን ጨርሰው የተሻላቸውን ሰዎች አንጎል በኤምአርአይ አይተዋል፤ አንጀቱ በፊኛ ሲወጠር ሕመም የሚያበዛው የአንጎል ክፍል ምላሹ ቀንሶ ወደ ጤነኛ ሰው ቀርቧል። ውሻው ጎረቤቱን መለየት ጀመረ ማለት ነው።

ቁጥሮቹን ሳላስጌጥ ልንገራችሁ። በማንችስተሩ ክፍል 1,000 ሕመምተኞች ታክመው በ2015 በወጣው ዘገባ 76 በመቶዎቹ ተሽሏቸዋል። መሻል ያሉት ከ500 በሚቆጠር የሕመም መለኪያ ላይ 50 ነጥብ መቀነስን ነው፤ ይህ ከፍተኛ ደፍ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሌላው ሁሉ አልሆን ያላቸው ናቸው። ከዚያ ቀደም የተሻላቸው ሰዎች ከ1 እስከ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይተው ሲጠየቁ ከ10 ሰዎች 8ቱ መሻሉ እንደጸና ነበር። ጥብቅ በሆነው የኔዘርላንድ ሙከራ ግን ውጤቱ ዝቅ ይላል። በ2019 የወጣው ይህ ጥናት 354 ሰዎችን በዕጣ መደባቸው፤ በ3ኛው ወር ለብቻቸው በሂፕኖቴራፒ ከታከሙት 41 በመቶ፣ በቡድን ከታከሙት 33 በመቶ፣ ትምህርትና ማበረታቻ ብቻ ካገኙት ደግሞ 17 በመቶ ያህሉ በቂ እፎይታ አገኘን አሉ። ስለዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በቂ እፎይታ አላገኙም። «ሁሉን ያድናል» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ አትመኑት። ሕመምተኛው የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ እንዳያውቅ ማድረግም በዚህ ሕክምና አይቻልምና ከተስፋ የሚመጣው መሻል በውስጡ አለ። ለእኔ ግን ሌላው ነገር ሁሉ ላልሠራለት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በልጆች ላይ ውጤቱ የበለጠ ያማረ ነው፤ እዚያው ኔዘርላንድ ዓመታት የቆየ የሆድ ሕመም ካለባቸው 53 ልጆች በሂፕኖቴራፒ የታከሙት በዓመቱ 85 በመቶ ሲድኑ በተለመደው ሕክምና የታከሙት 25 በመቶ ብቻ ነበሩ። የልጅ ሐሳብ ወደ ምስል ለመግባት ደጅ አይጠናም።

እዚህ ላይ ከፊቴ የተቀመጡ አባቶች ሐሳብ ይገባኛል። ዓይን አስጨፍኖ በድምፅ ሰውን መምራት ሲባል አፍዝ አደንግዝ ትዝ የማይለው የለም፤ በገበያ መንገድ ላይ አፍዘው ገንዘባችንን ወሰዱን የሚሉ ሰዎችን ሰምተናል። ጎንደር ደግሞ ከተመስጦ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ መልካም አያሁ የተባለችውን የዛር አለቃ ቤት ለወራት ተከታትሎ መጽሐፍ ጽፏል። በዛር ቤት የሚናገረውና የሚያዘው ሌላ መንፈስ ነው ይባላል፤ ሰውየው ራሱን አያውቅም። በሂፕኖቴራፒ ግን ሌላ የሚገባ የለም፤ የሚመራው የሰውየው የራሱ ትኩረት ነው። ሕመምተኛዋ ስትፈልግ ዓይኗን ከፍታ መውጣት ትችላለች፤ የማትፈልገውን ነገር ተገድዳ አትናገርም፤ ምሥጢሯን የሚጠይቃትም የለም፤ ሥራው ስለ አንጀት ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955 ሂፕኖሲስን እንደ ሕክምና መሣሪያ ተቀብሎታል፤ የዚያ አገር የሕክምና መመሪያም ከ2008 ጀምሮ በመድኃኒት 12 ወር ታክሞ ላልተሻለው የአንጀት መቆጣት ሕመምተኛ እንዲቀርብ ካሰባቸው የሥነ ልቦና ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል። ጸበል የምትጠመቅ ሴት ጸበሏን መተው የለባትም፤ ጸሎትም አይከለከልም። ንስሐ አባቷን ማማከር ከፈለገች ታማክር፤ ምን እንደሚደረግ ተነግሯት ካልተስማማችበት ደግሞ አይደረግላትም።

እዚህ ለማድረግ ምን ያስፈልጋል? ብዙ ገንዘብ አይደለም። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ወንበሮች፣ የሠለጠነ ሰውና በቅጡ የተጻፈ የአማርኛ ቃል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ኦላፉር ፓልሰን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሰባቱን ክፍለ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ጽፎ አዘጋጅቶታል፤ የሠለጠነ ሰው እያነበበ ማከም እንዲችል። የኔዘርላንዱም ሙከራ የቡድን ሕክምና ለብቻ ከሚሰጠው ብዙ እንዳላነሰ አሳይቷል። አንድ ባለሙያ ለብዙ ሺህ ሰው በሆነበት አገር ይህ ወርቅ ነው። ቡድን ለአማርኛም ይስማማል፤ አንድ የተቀዳ ድምፅ «ዓይንህን ጨፍን» ካለ ለሴት አይሆንም፣ ለሽማግሌም ድፍረት ነው፤ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ግን ሁሉንም ይይዛል።

ነርስና ጤና መኮንን ይህን አይችሉም የሚለኝ ካለ የጎንደርን ታሪክ አስታውሰዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ ሐኪም እስኪገኝ አልጠበቀም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ አሠልጥኖ በቡድን ወደየጤና ጣቢያው ላከ። አማኑኤል ሆስፒታልም ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን እያሠለጠነ በየክፍለ ሀገሩ አሠማርቷል። በ2022 የወጣ፣ በደቡብ የአገራችን ክፍል የተሠራ ሙከራ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ከአእምሮ ሕክምና ነርሶች ባላነሰ ሁኔታ መከታተል እንደሚችሉ አረጋግጧል። ከዚያ የከበደውን የቻለ ይህንን በሥልጠናና በክትትል ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌና የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አብረው ቁጭ ብለው ቃሉን በዚህ አገር አማርኛ ቢጽፉት፣ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ፈትነው ውጤቱን ቢያሳውቁን ብዬ በግልጽ እጠይቃለሁ።

ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ድምፅ የሚሰማው፣ እውነትና ሐሳብ የተምታታበት ሕመምተኛ፣ የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተያዘ ሰው፣ ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሌላ እርዳታ ያስፈልገዋል። ክፉ ነገር ደርሶበት ዓይኑን ሲጨፍን ያ ነገር የሚመጣበት ሰውም ለባለሙያው አስቀድሞ ይንገር፤ ዓይን ሳይጨፈንም ሊሠራ ይችላልና። በዩቲዩብ አይታችሁ በጎረቤት ላይ አትሞክሩት። «በአንድ ቀን እፈውሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅም ባለሙያ አይደለም።

እስከዚያው ከዛሬ ጀምሮ የምታደርጉት ነገር አለ። ሆዱን ለረጅም ጊዜ የሚያመው ሰው ለሁለት ሳምንት ደብተር ይያዝ፤ መጻፍ ካልቻለ ልጁ ይጻፍለት። ሕመሙ በስንት ሰዓት መጣ፣ ምን በልቶ ነበር፣ ሰገራው እንዴት ነበር፣ በዚያ ቀን ምን አስጨነቀው፣ ሌሊት ቀሰቀሰው ወይ፣ ከዚህ በፊት የትኛውን መድኃኒት ስንት ጊዜ ዋጠ። ደብተሩንና የቆዩ የምርመራ ወረቀቶቹን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲገባ፣ ባለሙያው አሜባውን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን የሚያይበት ነገር በእጁ ይኖረዋል።